የወፈረ ልብ፣ ያነሰ ሞገድ፦ ኢሲጂውና ኢኮው ሲለያዩ የትኛውን እንመን?

የጅሬን ልጅ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ጀማሪ ሐኪም ነኝ። ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ ጥቂት ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።

አባባ በስልሳዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ እየጠረቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ የእጅ ባለሙያ ናቸው። ሦስት ወር ሆኗቸዋል፤ ጥቂት ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እግራቸው አብጧል፣ ማታ ሦስት ትራስ ካልደራረቡ አይተኙም። ለዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ ኖረው፣ ራሳቸውን እያዞራቸው ስለተቸገሩ ባለፈው ዓመት አቁመዋል። ትናንት ስለካቸው 105 በ65 ነበር።

ኢሲጂያቸውን፣ ከቆዳ ላይ የተቀዳውን የልብ ኤሌክትሪክ ሞገድ፣ አየሁ። የእጅና የእግር መስመሮች ላይ ኪውአርኤሱ (የታችኛዎቹ የልብ ክፍሎች ሲመቱ የሚታየው ዋናው ሞገድ) ከአራት ትንንሽ ካሬ አይበልጥም። የደረቶቹም ቢሆኑ ከሰባት አይዘሉም። ከደረቶቹ መስመሮች ከቪ1 እስከ ቪ3 ባሉት ላይ ወደ ላይ የሚወጣው የአር ሞገድ የለም ማለት ይቻላል፤ ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ቀደም ሲል የፊት ግድግዳው ደም አጥቶ ሞቷል ይላል። ኢኮው፣ በድምፅ ሞገድ የሚነሣው የልብ ምስል፣ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የግራው የታችኛው ክፍል ግድግዳ 16 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፤ ጤናማ ወንድ ላይ ከ10 አይበልጥም። የሞተ የሚመስል ቦታ የለም፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። የግራው የላይኛው ክፍል ሰፍቷል። በልብ ሽፋኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ለመናገር የማይበቃ ትንሽ ነው።

ስንማር የወፈረ ልብ ትልቅ ሞገድ ይሰጣል ተብለናል። ታዲያ ይህ ወፍራም ልብ ሞገዱ ለምን አነሰ? ከሁለቱ የትኛውን ልመን?

ምስል ይናገር (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15)

ወንድሜ፣ ምስሉን እመን። እኔ ኢኮ የምሠራ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ አልወላውልም።

ኢንትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1924 ኖቤል የተሸለመበት የኢሲጂ መሣሪያ ታላቅ ነው፤ ክብሩን አልነፍገውም። ነገር ግን ቆዳ ላይ ቆሞ ውስጡን መገመት ነው። ኤድለርና ኸርትዝ እ.ኤ.አ. በ1953 ሉንድ ከተማ ላይ የድምፅ ሞገድ ወደ ልብ ልከው ሲመለስ ካዩ ወዲህ ግምት አያስፈልግም፤ ግድግዳውን በሚሊ ሜትር እንለካዋለን። በኢሲጂ የልብ መወፈርን የምናውቅበት ታዋቂ መለኪያ የቪ1ን ኤስ (ወደ ታች የሚወርደውን ሞገድ) ከቪ5 ወይም ከቪ6 አር ጋር ደምሮ ወረቀቱ ላይ 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ማለትም 35 ትንንሽ ካሬና ከዚያ በላይ፣ መሆኑን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ እንጠቀምበታለን፤ ግን ግድግዳቸው በግልጽ የወፈረ ስንትና ስንት ሰዎች በዚህ ወንፊት ያልፋሉ። አባባም አንዱ ናቸው። የቆየ የደም ግፊት አለ፣ ግድግዳው ወፍሯል፤ የደም ግፊት ያመጣው የልብ ሕመም ነው ብለህ ጻፍና ሕክምናውን ቀጥል።

ጡረተኛው ሐኪም (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05)

ልጄ፣ አትቸኩል። ባልደረባችን ስለ ወንፊቱ የተናገሩት እውነት ነው። ነገር ግን መለኪያውን ሳያሟላ መደበኛ የሆነ ሞገድ ሌላ ነው፣ ያነሰ ሞገድ ሌላ ነው። የደም ግፊት ያወፈረው ልብ ኢሲጂው ደህና መስሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በእጅና በእግር መስመሮች ሁሉ ከአምስት ካሬ በታች ሲወርድ ግን ምክንያቱ መጠየቅ አለበት።

ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው ማን እንደሆነ አስብ። የጡንቻው ሕዋስ ነው። ኢኮ የሚለካው ደግሞ ውፍረቱን ነው፤ ውፍረቱ በምን እንደተሞላ ጥርት አድርጎ አይነግርህም። ወፍራም ግንብ ሁሉ ድንጋይ አይደለም፤ መሃሉ ጭቃ የሆነም አለ። ጡንቻው ራሱ ከወፈረ ሞገዱ ያድጋል። በሕዋሶቹ መካከል ባዕድ ነገር ገብቶ ግድግዳውን ካሳበጠው ግን ምስሉ ይወፍራል፣ ሞገዱ ያንሳል። አሚሎይድ የምንለው የፕሮቲን ክምችት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ያልሞተውን የፊት ግድግዳ ሞቷል የሚያስብል ኢሲጂም የሚያመጣው እሱ ነው። የአር ሞገድ ጠፍቶ ግድግዳው እየተንቀሳቀሰ ነው አልክ አይደል? እኔ ቀና ብዬ የተቀመጥኩት እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ነው።

ሞገድ የሚያሳንስ ሌላም አለ። በልቡና በቆዳው መካከል ውኃ፣ አየር ወይም ስብ ከገባ ሞገዱ ይደክማል። በእኛ አገር በመጀመሪያ የማስበው የሳንባ ነቀርሳ በልብ ሽፋን ውስጥ የሚያጠራቅመውን ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ሲበዛ ልቡ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፤ ኢሲጂው ላይም አንዱ ምት ረዘም፣ ቀጣዩ አጠር እያለ ይፈራረቃል። ይህን ኢኮው ዘግቶልሃል። ስለዚህ ምስሉም ወረቀቱም አልዋሹም፤ ልዩነታቸው ራሱ ግኝት ነው።

አሚሎይድ ከልብ ሌላ የእጅ አንጓና የክንድ ጅማት ላይም ይጠራቀማል። ስለዚህ አሁን ወደ አባባ አልጋ ሂድና ሦስት ነገር ጠይቅ። እጃቸው ሌሊት ይደነዝዛል ወይ? ክንዳቸውን ሲያጥፉ ጡንቻው ወደ ታች ተሰብስቦ እንደ ኳስ ይጎብጣል ወይ? የግፊት መድኃኒቱ ያዞራቸው የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ኢሲጂ ሲነገር ዝም ማለት አይሆንልኝም። ኢኮ በአካባቢያችን ባልነበረበት ዘመን ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጃገረዶች ትንፋሽ እያጠራቸው ይመጡልን ነበር። የፒ ሞገዱን፣ የላይኛዎቹ ክፍሎች የሚሰጡትን ትንሽ ሞገድ፣ አጉልቼ አየዋለሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ እንደ ግመል ጀርባ ሁለት ጉብታ አውጥቶ ስፋቱ ሦስት ትንንሽ ካሬ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ያ ማለት 120 ሚሊ ሰከንድ ነው። ቪ1 ላይ የመጨረሻው ግማሽ አንድ ካሬ ያህል ወደ ታች ይሰምጣል። የግራው የላይኛው ክፍል ሰፍቷል፣ በግራው የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው የሚትራል በር ጠቧል ብዬ እጽፍና በማዳመጫዬ አረጋግጣለሁ። ኋላ ኢኮ ሲመጣ ያንኑ አየነው፤ በጉሮሮ ሕመም የጀመረው የሩማቲክ በሽታ የፊተኛውን የበሩን ቅጠል እንደታጠፈ ክርን አድርጎት፣ ከአራት እስከ ስድስት ካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት መክፈቻ ከአንድ ተኩል በታች ወርዶ። ወረቀቱ የነገረን ልክ ነበር። ስለዚህ ኢሲጂ ግምት ነው ሲባል ያመኛል።

የአጋሮ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30)

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይቅርታ በመሃል ስለገባሁ። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ኳስ ይጫወታል። ለሥራ ቅጥር ሲመረመር የኢሲጂው ማሽን ራሱ ወረቀቱ አናት ላይ የግራ ልቡ ወፍሯል ብሎ አተመ። እናታችን ሦስት ቀን አለቀሰች። ኋላ ጅማ ወስደን ኢኮ ስናስነሣው ምንም የለበትም ተባለ። እናንተ የምትሉት የዚህ ተቃራኒ ነው መሰለኝ። ታዲያ እንረፍ ወይስ አንረፍ?

ጡረተኛው ሐኪም (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10)

ልጄ፣ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለም፤ ጥያቄህ ከርዕሱ ሳይወጣ ነው የገባው።

የቀጭን ወጣት ደረት ስስ ነው፤ ልቡ ለመለኪያው ቅርብ ነው፤ ሞገዱ ረጅም ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከ35 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ በሞገድ ቁመት ብቻ ልብ ወፍሯል ማለት ብዙም አይታመንበትም። ማሽኑ ደግሞ ካሬ ይቆጥራል እንጂ ወንድምህን አያየውም። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ንገረኝ። ሲሮጥ ወድቆ ራሱን ስቶ ያውቃል? ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? ደግሞ ወረቀቱን ያየው ሐኪም የቲ ሞገዱ (ከምቱ በኋላ የሚከተለው ሞገድ) ቀና ነው ወይስ ተገልብጧል አለ?

ይህን የምጠይቅበት ምክንያት አለኝ። የልብ ጫፍ ብቻ የሚወፍርበት ሕመም አለ፤ በመጀመሪያ በደንብ የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች ናቸው። ኢሲጂው ላይ የቲ ሞገድ በጥልቀት ይገለበጣል፤ ጫፉ ግን ለኢኮ አስቸጋሪ ጥግ ስለሆነ ሊያመልጥ ይችላል። ኤም አር አይ ሲነሣ ይገኛል። እዚያ ላይ ቀድሞ የተናገረው ወረቀቱ ነው።

የአጋሮ ልጅ (ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡35)

ወድቆ አያውቅም። በድንገት የሞተብንም የለም። ቲ ሞገዱ ቀና ነው ብሎ ሐኪሙ በእጁ ጽፎበታል፤ አሁን ነው ትርጉሙ የገባኝ። ለእናቴ አነበብኩላት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።

ሞገድ ከኪቶ ፉርዲሳ (ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20)

የባዮሜዲካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ዶክተሩ ያነሡት ነገር በእኛ በኩል ስም አለው፤ የተገላቢጦሽ ችግር እንለዋለን።

የሠርግ ዳስ ውጭ ቆማችሁ ከበሮ ትሰማላችሁ እንበል። ከበሮ መቺው የት እንደተቀመጠ ካወቃችሁ ውጭ የሚሰማው ድምፅ ምን እንደሚሆን ማስላት ይቻላል። በተቃራኒው ከድምፁ ተነሥታችሁ ከበሮው አንድ ነው ወይስ ሦስት፣ ቅርብ ያለ ትንሽ ነው ወይስ ጥግ ላይ ያለ ትልቅ ብትባሉ፣ ያንኑ ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ዓይነት አቀማመጦች አሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ ይህንን በኤሌክትሪክ ላይ እ.ኤ.አ. በ1853 በሒሳብ አሳይቷል፤ ያኔ ማንም የሰው ልብ ኢሲጂ አልቀዳም ነበር። ቆዳ ላይ የሚደርሰን አንድ ሚሊ ቮልት አካባቢ ነው። በእሱ ላይ ትንሽ ሁካታ ሲጨመርበት የሚሰላው ምንጭ እጅግ ይዛባል።

መውጫው ምስልን ማጋባት ነው። የልቡና የደረቱ ቅርጽ በሲቲ ስካን ከታወቀ፣ ሰውየው ከ200 በላይ መለኪያ የተሰፋበት ሰደርያ ከለበሰ፣ ኮምፒውተሩ ሞገዱን መልሶ በልቡ ገጽ ላይ ይስለዋል። የተመራማሪው የዮራም ሩዲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ያሳየው ይህን ነው። ሒሳቡ እንዳያብድ ማለዘቢያ ይጨመርበታል፤ ማለዘቢያው ሲበዛ ደግሞ ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋል። የመመረቂያ ሥራዬ በዚሁ ላይ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ብጽፍ አልጠግብም።

ምስሉ ኢሲጂን እንዴት እንዳረመ አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። ቪ1 ላይ ረጅም አር ሲታይ የኋላ ግድግዳ ሞቷል እየተባለ ለአሥርተ ዓመታት ተነግሯል። ኤም አር አይ ልብ በደረት ውስጥ በእርግጥ እንዴት ተጋድሞ እንደተቀመጠ ሲያሳይ፣ ጠባሳው የጎን ግድግዳ ላይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2006 የባለሙያዎች ቡድን የኋላ ግድግዳ የሚለው ስም እንዲቀር ሐሳብ ያቀረበው በዚህ ምክንያት ነው። ከአር በፊት ወደ ታች የሚወርደው የኪው ሞገድም እንዲሁ ነው። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ሲሞት ብቻ ይወጣል ይባል ነበር፤ ጋዶሊኒየም የተባለው የኤም አር አይ ማጉያ ፈሳሽ ተሰጥቶ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ሲታይ ግን ጉዳዩ ከጥልቀቱ ይልቅ ከጠባሳው ጠቅላላ ስፋት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

የማታ ተረኛ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡45)

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ኢሲጂ የምናነሣው እኛ ነን። ዶክተር የጅሬን ልጅ፣ ሁሉም ስለ ልቡ ሲከራከር ወረቀቱን ማንም አልጠየቀም። እባክህ የወረቀቱን ግራ ጠርዝ ተመልከት።

ማሽኑ ከመጀመሩ በፊት እንደ በር ያለች ምልክት ያትማል። ቁመቷ አሥር ትንንሽ ካሬ ከሆነ አንድ ሚሊ ቮልት በአሥር ሚሊ ሜትር ተስሏል ማለት ነው። አምስት ከሆነች ሁሉም ነገር በግማሽ አንሷል። እንደ ደረጃ ሆና አሥር ወጥታ ወደ አምስት ከወረደች ደግሞ የእጅና የእግሩ በሙሉ ልክ፣ የደረቱ በግማሽ ታትሟል። ከእናንተ በፊት ረጅም ሞገድ ያለው ሰው ተነሥቶ ወረቀቱ ስላልበቃ ቁልፉን የነካ ሰው ካለ፣ ማሽኑ እንደዚያው ይቆያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የቪ1 እና የቪ2 ቦታ ነው። ስንጣደፍ ከአንገት አጥንት ሥር እንለጥፋቸዋለን። ትክክለኛው አራተኛው የጎድን መሃል ነው። ጣታችሁን ከጉሮሮ ጉድጓድ ወደ ታች አንሸራትቱ፤ የደረት አጥንቱ ላይ ጎበጥ ያለች ቦታ ትነካችኋለች። እሷ አጠገብ ያለው ሁለተኛው ጎድን ነው፤ ከሥሩ ያለው ክፍት ሁለተኛው መሃል ነው፤ ከዚያ ሁለት ቁጠሩ። ከፍ ብሎ ከተለጠፈ አር ይጠፋል፣ ጤነኛው ሰው የፊት ግድግዳው ሞቷል ይባላል። በጡት ምክንያት በሴቶች ላይ ስሕተቱ ይበዛል፤ በአፋርነት ቦታውን ሳንነካ የምንገምትበት ጊዜ አለ፤ መቅረት ያለበት ነው።

የጅሬን ልጅ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00)

ሲስተር፣ እጅሽን ይባርከው። ምልክቷ ደረጃ ነበረች። አሥር፣ ከዚያ አምስት። ሦስት ሐኪሞች አይተነዋል፤ አንዳችንም ጠርዙን አላየንም።

ዛሬ በሙሉ ልክ ደግሜ አነሣሁ፤ ጎድኑን አንቺ ባልሽው መንገድ ቆጥሬ። የደረቶቹ እጥፍ ሆኑ፣ ቪ5 14 ካሬ ደረሰ። ስለዚህ የደረቱ ማነስ የማሽኑ ነበር። የእጅና የእግሩ ግን አልተለወጠም፤ አሁንም ከአራት አይበልጥም። ቪ1 እስከ ቪ3 በትክክለኛው ቦታ ተለጥፎም የአር ሞገድ አልተመለሰም። ጥርጣሬው ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ፣ ዶክተር፣ የእርስዎን ጥያቄ ይዤ ተቀመጥኩ። እጅዎ ይደነዝዛል ወይ አልኳቸው። ዝም ብለው መዳፋቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። በአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ሁለቱም እጅ ላይ ጎድጉዷል። ባለቤታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበርና እሳቸው መለሱልኝ፦ «ሌሊት እጁን እያራገፈ ይነሣል፤ ከሦስት ዓመት በላይ ሆነው። መጥረቢያው ከእጁ ወድቆ እግሩን ሊቆርጠው ሲል ነው ሥራውን የተወው።» እኔ ሥራ ያቆሙት በልባቸው ድካም መስሎኝ መዝገቡ ላይ እንደዚያ ጽፌ ነበር። እጁ ልቡን ወደ ሦስት ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ይቀድመዋል። ክንዳቸውን እንዲያጥፉ ጠየቅኳቸው፤ ቀኙ ላይ ጡንቻው ወደ ክርኑ ተሰብስቦ ጎበጠ። መቼ እንደሆነ አያስታውሱም፤ ግንድ ሲያነሡ የሆነ ነገር ጧ ብሎ ነበር አሉ።

ምስል ይናገር (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20)

ወንድሜ፣ ማክሰኞ ምስሉን እመን ብዬህ ነበር። ምስሉን ልከህልኝ ዛሬ ሌሊት ደጋግሜ አየሁት፤ ስለ ውፍረቱ ብቻ ማውራቴ ልክ አልነበረም። በሁለቱ የላይኛው ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳም ወፍሯል፤ ያ በደም ግፊት አይመጣም። የበሮቹ ቅጠሎችም ወፈር ብለዋል። ጥቂት ነው ያልከው ፈሳሽም የዚሁ አካል ሊሆን ይችላል። የጡንቻውን መሳሳብ ቦታ በቦታ ሳየው ጫፉ በደንብ ይሳባል፣ ወደ መሠረቱ ስንወርድ ግን ደንዝዟል። ጫፉን የማረው ይህ አቀማመጥ የአሚሎይድ የታወቀ መልክ ነው። ኢሲጂው ባይጠይቀኝ ኖሮ አልፈልገውም ነበር።

ጡረተኛው ሐኪም (ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12፡50)

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ከደም ሕዋስ የሚመነጨው የአሚሎይድ ዓይነት አለመሆኑ ይጣራ፤ በደምና በሽንት ውስጥ ያ ሕዋስ የሚያወጣው የፕሮቲን ሰንሰለት ይፈለግ። እሱ ከሆነ የደም ሕክምና ሐኪም ሳይዘገይ ማየት አለበት፤ በወራት ይገድላልና። እሱ ካልሆነ ቴክኒሺየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የሚሠራው የኑክሌር ምርመራና ጋዶሊኒየም ያለበት ኤም አር አይ መልሱን ያቀርቡታል።

እስከዚያ ድረስ ፈሳሹን በማሸኛ መድኃኒት ቀስ ብለህ ቀንስ፤ ልቡ ግትር ሆኖ በቀላሉ ስለማይለጠጥ በጣም ካደረቅከው ግፊቱ ይወድቃል። ምት የሚያዘገዩትን ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም አትስጥ። ዲጎክሲን የተባለው የልብ መድኃኒት ላይም እጅግ ተጠንቀቅ። ምቱ ተዛብቶ እንደሆነም በየቀኑ እይ፤ የላይኛው ክፍል እንዲህ ከሰፋ የደም መርጋት ቅርብ ነው።

የጅሬን ልጅ (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡10)

የደምና የሽንቱ ናሙና ዓርብ ዕለት ወደ አዲስ አበባ ተልኳል። ሪፈራሉ ላይ ሁለቱንም ኢሲጂ አያያዝኩ። የመጀመሪያው ላይ ደረጃ የሆነችውን ምልክት በቀይ ከብቤ የደረቱ በግማሽ ልክ የታተመ መሆኑን ጻፍኩበት፤ የሐሙሱ ላይ ደግሞ ልኩንና የቪ1ን ቦታ። መዝገቡ ላይ ሥራ ያቆሙበትን ምክንያትም አርሜአለሁ።

እግራቸው ጎደል ብሏል፣ በሁለት ትራስ መተኛት ጀምረዋል። ነገ ንጋት 11 ሰዓት ከትልቁ ልጃቸው ጋር በአውቶቡስ ይነሣሉ። ልጁም የእጅ ባለሙያ ነው። ሲወጡ እጁን አሳየኝ ብዬው ነበር፤ እስካሁን ምንም አይሰማውም። ውጤቱ ሲደርሰኝ እዚሁ እጽፋለሁ።

የማታ ተረኛ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00)

በሰላም ይግቡ። ልጁ ዕድሜው ስንት ነው? ዶክተር፣ በዘር የሚወርድ ዓይነትም አለ ይባላልና፣ እሱስ ከመቼ ጀምሮ ይታይ?

ጡረተኛው ሐኪም (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡25)

እውነትሽን ነው፣ ሲስተር፤ አለ። የአባቱ ዓይነት ተለይቶ ይታወቅ፤ በዘር የሚወርደው ሆኖ ከተገኘ ልጁም ወንድምና እህቶቹም በደም ምርመራ ይታያሉ። እስከዚያ ልጁን አታስፈራሩት። አንድ ኢሲጂ ብቻ ይነሣለትና ይቀመጥ፤ በሙሉ ልክ።